ከፊልሙ በፊት

አዳራሹ ሲጨልም ዳይሬክተሩ ባልታሳር የፊልሙን መክፈቻ ወደሠራችው ወደ ኤውላሊያ ዘንበል አለና፣ “አባቴን መሳቂያ አደረግሽው። ነገ ትቀይሪዋለሽ” አላት። ፊልሙ በሞንቴቪዴዮ ከተማ ፀጉር አስተካካይ ስለነበሩት ሟች አባቱ ነበር። ስሞች ለሚታዩበት መክፈቻ ያዘዛት ጥቁር ገጽና ቀስ ብሎ ብቅ የሚል ነጭ ጽሑፍ ነው። እሷ ግን ሰውየው በፊልሙ ውስጥ ደንበኛ ሲያስቁ ሲውሉ አይታ፣ ተመልካቹ ገና ከጅምሩ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው እንዲቀመጥ አልፈለገችም።

መክፈቻው ጀመረ፤ ስክሪኑ ላይ አንድ መቀስ ከዘፈን ምት ጋር ቀጭ ቀጭ ሲል የተዋንያኑ ስም እንደተቆረጠ ፀጉር እየተበተነ ወረደ። መጥረጊያ መጥቶ ፊደሎቹን ጠራረገ፤ አንዷ ግን አምልጣ ወንበር ስር ገባች፣ መጥረጊያውም ተከትሏት ሮጠ። ከፊታቸው የተቀመጡት የባልታሳር እናት፣ ወይዘሮ ኦርቴንሲያ፣ አቀርቅረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

“ይኸው፣ አስለቀስሻት!” አለ ባልታሳር። ኤውላሊያ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች። እሱ ተነስቶ የእናቱን ትከሻ ያዘ። “እማዬ፣ ይቅርታ፤ ይሄ ይቀየራል።”

እናቱ ዞሩ። ከሳቃቸው ብዛት እንባቸው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር። “አንተ ልጅ፣ ዝም በል!” አሉት ስክሪኑን በጣታቸው እያሳዩ። “አባትህ ሊገባ ነው።”