የበርበሬው ጭስ

አስያ ደረቁን በርበሬ በጉያዋ ይዛ ዋሻው አፍ ላይ ቆማለች። ባሏ ሷሊህ ጭራሮውን ከምሮ ጨርሷል። እሳቱን መለኮስ የእሷ ፈንታ ነው። የሌሊት ወፍ በላዩ አልፎበት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ልጅ፣ ወፎቹ ያሉበትን ዋሻ የምታጥንለት እናቱ ናት ይባላል፤ ሌላ ሰው ከለኮሰው በሽታው አይለቅም።

የሰባት ዓመቷ ሺፋ አያቷ ነሲባ ጭን ላይ ተኝታለች። ዓይኗም የጥፍሯ ሥርም እንደ እርድ ሆኗል። እህል ከቀመሰች ሦስት ቀን አልፏታል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላል ሷሊህ።

«ትናንት መምህር ፈንታውን ጠይቄያቸው ነበር» ትላለች አስያ፣ መሬት መሬቱን እያየች። «በሽታው ከወፎቹ አይደለም አሉኝ። ደሴ ሐኪም ቤት ውሰጃት አሉ።»

«ደሴ!» ትላለች አማቷ ነሲባ። «በምን? ፊደል ገበታሽ ላይ አስተኝተሽ? መንገድ ላይ ብታልፍብንስ?»

መካነ ሰላም ድረስ በቃሬዛ ግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ መኪና እስኪገኝ መጠበቅ ነው። አስያም ጃንሆይ ባዘዙት የማታ ትምህርት ፊደል መቁጠር ከጀመረች ገና አምስት ወሯ።

«ደግሞ ያ ዛፍ…» ወደ ገደሉ ሥር ትጠቁማለች። ቀያይ አበቦቹ እንደ ገመድ በረዘመ ሐረግ ተንጠልጥለዋል። «ሲመሽ ሲፈካ፣ የአበባውን ዱቄት ካንዱ ዛፍ ወደ ሌላው የሚያደርሱት የሌሊት ወፎቹ ናቸው። በጠጉራቸው ይዘው። እነሱ ከሌሉ አያፈራም። ለቁስል የምንደቁሰውን ፍሬ ከየት ልናመጣ ነው?»

«ወፍ ዛፍ ታስረግዛለች በይኛ!» ነሲባ ትስቃለች። ሳቋ ግን አይቆይም፤ የሺፋን ግንባር ትዳብሳለች። «እኔ ሦስት ቀብሬያለሁ፣ ልጄ። ዛፍ ሌላ ይበቅላል። ቢስሚላህ በይና ለኩሺው።»

ሷሊህ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አስዬ፣ ምናልባት መምህሩ እውነታቸውን ይሆናል። ባይሆንስ? ዛሬን እሺ በይኝ፤ ነገ ቃሬዛ እሠራለሁ። ወላሂ።»

ነገ። አስያ የልጇን ትንፋሽ ታዳምጣለች። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አበባውንና ወፉን ሥለው ሲያስረዱ ሁሉም ግልጽ ነበር። እዚህ ግን ብቻዋን ናት። እምቢ ብላ ልጅቱ ብትሞትባት፣ ሰው የሚላት ይቅርና ራሷን ምን ትለዋለች?

በርበሬውን ጭራሮው ላይ በትና፣ ቢስሚላህ ብላ ክብሪቱን ትጭራለች።

ጭሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። መጀመሪያ ዝም ነው። ከዚያ ዋሻው ይንጫጫል፤ ወፎቹ በጠራራ ፀሐይ ይጎርፋሉ፣ እርስ በርስ ይላተማሉ፣ ከገደሉ ይጋጫሉ። አንዷ አስያ እግር ሥር ትወድቃለች። አንገቷ ላይ የአበባ ዱቄት አለ። ክንፏን ዘርግታ ልትነሳ ትሞክራለች፤ ደረቷ ላይ ጠጉር ያላወጣ ግልገል ተለጥፏል።

ሺፋ ከአያቷ ጭን ቀና ትላለች። «እማ፣ ልጅ ይዛለች። አንሻት።»

አስያ ጎንበስ ትላለች።

«እንዳትነኪያት!» ትጮሃለች ነሲባ። «እሷን በነካ እጅሽ ልጄን አትነኪም!»

የአስያ እጅ መሬት ሳይደርስ ይቆማል። ወፏ መንፈራገጧን ትታለች። ግልገሉ ግን አሁንም ይጠባል።