ንጉሡ የወጡበት በር

ልዑሉ የአያታቸውን ቤተ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ከቱሪስቶች ጋር ተሰልፈው ትኬት ቆርጠው ነው። የተወለዱት ቤተሰቡ በተሰደደበት አገር ነበር። እዚያ ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡት አንድ ታሪክ አለ፤ አብዮተኞቹ ግቢውን ሲከቡ ንጉሡ ሰይፋቸውን መዘው፣ በነጭ ፈረስ ተቀምጠው፣ በዋናው በር ጥሰው ወጡ የሚል። ቤተሰቡ ቀኑን በየዓመቱ ብርጭቆ እያነሳ ያከብረው ነበር።

አስጎብኚዋ ኢሎና ግን ዋናውን በር ዝም ብላ አለፈችው። ጎብኚዎቹን ምድር ቤት ወዳለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወስዳ አንዲት ጠባብ በር አሳየቻቸው።

«ንጉሡ ያመለጡት በዚህች ነው» አለች።

የልዑሉ ደም ፈላ። ወለሉን በከዘራቸው መቱ።

«ውሸት ነው። እኔ የልጅ ልጃቸው ነኝ፤ ዙፋኑም የኔ ነው። አያቴ እንደ ወንድ ተዋግተው ነው የወጡት። አሁኑኑ አርሚ።»

ከጎብኚዎቹ አንዲት ሴትዮ እጅ ልትነሳ ጎንበስ አለች፤ ባሏ ፎቶ አነሳ። ኢሎና ልዑሉን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸውና በትሕትና ጠጋ አለች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ልዑል ሆይ። የኔ አያት እዚህ ልብስ አጣቢ ነበረች። ያን ዕለት ንጉሡ ‹ነገ እመልስልሻለሁ› ብለው ቀሚሷን ከነሻሿ ወሰዱባት። እስክትሞት ድረስ ስትጠብቅ ኖረች። ለመሆኑ ይዘውት መጡ?»