እሳቱን አጥፊው

«ምንም አልተገኘም» አለ ቴሌቪዥኑ፣ አሁንም።

ባለቤቴ ሪሞቱን እንደ ማርሽ ጨብጦ የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ እጁ የገባው ነገር ሁሉ ይታዘዝልኛል ብሎ ያምናል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ፊደል በፊደል አስጽፈዋለሁ። ሰ። ር። ግ። ፊደሎቹን ከስክሪኑ ላይ አንድ በአንድ ለቀማቸው። ቴሌቪዥኑ ያችኑ መለሰ።

የምንፈልገው የልጃችንን ሰርግ ነው። ሱቆች ላይ ታፔላ የሚጽፈው አማቻችን የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ አጭቆ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሣጥን ከትቶታል። ጎተራው እንለዋለን። ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችው ትንሽ ዕቃ በቤቱ ኢንተርኔት በኩል ከጎተራው እየቀዳች ታሳያለች። ይኼን አስረድቶኝ ገብቶኛል። ያልገባኝ ጎተራው ለምን ቀን ከሌት እንደሚያጉረመርምና ለምን እንደሚሞቅ ነው። ከብርድ ልብስ ጎን የሚሞቅ ነገር ተቀምጦ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ትኩሳት እንዳለው ሕፃን በየሰዓቱ እየሄድኩ በመዳፌ እነካዋለሁ።

ሰርጉን እኔ አላየሁትም። እናቷ ሆኜ መቼም አልቀረሁም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ነበርኩ። ምግቡ አይበቃም፣ ሳህኑ ያንሳል፣ ጋዙ መሀል ላይ ያልቃል ስል ልጄ ተድራ ሄደች። እንዴት ደስ ይል ነበር ሲሉኝ፣ አዎ እንዴት ደስ ይል ነበር እላለሁ፤ ውሸቴን። ታዲያ ባለፈው ሳምንት አማቻችን ከድሮው ካሴት ገልብጦ ጎተራው ውስጥ አስገባሁት ሲል ልቤ ቆመ። ዛሬ የልጅ ልጄን መዋዕለ ሕፃናት አድርሼ፣ ልጄና ባሏ ሥራ እንደሄዱ፣ እነሱ ሳያዩኝ ላየው ነበር ሐሳቤ። መጨረሻው ለራሷ ለሙሽራዋ መደወል ሆነ።

ልጄ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርገን ድምፁን ከፈትነው። አባቷ የጻፈውን ነገራት። አንዱን ደንበኛ ስለ ሽሮፕ እያስረዳች፣ እኛንም እያናገረች፣ መስመሩም እየተቆራረጠ፣ ጆሮዬ የደረሰው ይኼ ብቻ ነው፦

«እማዬ… እሳቱን አጥፊው…»

እንዴት ኮሪደሩ ጋ እንደደረስኩ አላውቅም። ቁም ሣጥኑን በርግጄ የጎተራውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልኩት። ማጉረምረሙ ቀጥ አለ። የአበባ ማጠጫውን አንስቼ ላዘነብለው ስል ባለቤቴ ከኋላዬ ደርሶ እጄን ያዘኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምኑ ነው የሚነደው?»

አየሁ። ጭስ የለም። የሚሸት ነገር የለም፤ የብርድ ልብሱ ነፍታሌን ብቻ። ያኔ ነው ጥፋቴ የታየኝ፤ ምክንያቱም አማቻችን እንደ ሕግ የነገረን አንድ ነገር ቢኖር፣ ጎተራው እየሠራ ገመዱን እንዳንነቅል፣ ከነቀልነው በውስጡ ያለው ሁሉ ሊጠፋ እንደሚችል ነው። የልጅ ልጄ የተወለደችበት፣ እሷ ዳዴ ያለችበት፣ ገና ያላየሁት ሰርግም፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ሳሎን ስመለስ ልጄ ስልኩ ውስጥ «እማዬ፣ አጠፋሽው?» ትላለች።

«አጠፋሁት» አልኳት።

«ጎበዝ። አሁን ንጉሡን አስገቢ።»

«የምን ንጉሥ ነው ልጄ?»

«ንጉሡን ሠ ነዋ! እሳቱን ሰ አጥፍተሽ በንጉሡ ሠ ጻፊው። ባሌን አታውቂውም እንዴ? ፊደል ከሚሳሳት ጣቱ ቢቆረጥ ይሻለዋል።»

ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተዘረረ። ሲስቅ ትንፋሽ አጠረው። ያደረግነውን እሱ ነገራት። እሷም ሳቀች፣ ደንበኞቿም ሲስቁ ተሰማኝ። ገመዱ ጋ ሲደርስ ግን ሳቋን አቋረጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ልጇ መርፌ ስትወጋ እኔ በማባብላት ድምፅ፣ መልሼ እንድሰካውና እስኪነሣ እንዳልነካው ነገረችኝ።

ሰካሁት። አልነካሁትም። ግን ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ የሆነ ነገር ጠቅ አለ፤ ከዚያ ያ ቀን ከሌት የረገምኩት ማጉረምረም ጀመረ። አልዋሽም፣ ቁም ሣጥኑን ሳምኩት።

ባለቤቴ ሳሎን ሆኖ ተጣራ። በንጉሡ ሠ ጽፎት ኖሮ ሠርጉ ብቅ ብሏል።

አዳራሹ ሞልቷል። ልጄ መሀል ላይ ናት፤ ቀጭን፣ አንገቷ ረጅም፣ ቀሚሱ የሰፋት። ሁሉም ይጨፍራል። ከኋላ፣ በስተቀኝ፣ አንድ በር ተከፈተና ሻሽ ያሰረች ሴት አንገቷን አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳህን በጣቷ ቆጥራ ተመለሰች።

«ያቺ ደግሞ ማናት?» አለ ባለቤቴ፤ ሳቁ ገና አልለቀቀውም።

ዝም በል አልኩት። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ፤ አንገት፣ ሳህን፣ ተመለሰች። በራሴ አፍሬ ሳቅኩ። በሦስተኛው ግን ሴትዮዋን ማየት ተውኩ።

ያየሁት ሙሽራዋን ነው። ባሏ በጆሮዋ የሆነ ነገር ይላታል፣ ፎቶ አንሺው ወደዚህ ተመልከቺ እያለ እጁን ያወዛውዛል፣ እሷ ግን ወደዚያ በር ዞራለች። በሩ ተከፈተ። አንገቱ ወጣ። ልጄ ከጭፈራው መሀል አገጯን ቀና አድርጋ ፈገግ አለች፤ በሩ እስኪዘጋም ፊቷን አልመለሰችም።