ስምህን አስገባ

«እንዳትረጃቸው» አለ ኃላፊው፣ አውራ ጣቱን በስልኩ የሰዓት መቁጠሪያ ላይ ደቅኖ። «ሰው ብቻውን ካልቻለ ገጹ አልሠራም ማለት ነው። አፍሽን ከከፈትሽ ሙከራው ይሰረዛል።»

ተርጓሚዋ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ሸጉጣ ከአክስቷ ወንበር ኋላ ተቀመጠች። ኃላፊው ጎንበስ አለና፣ «እማማ፣ ይጀምሩ» አላቸው በትሕትና። ተርጓሚዋ ለመሳቅ ምንም አልቀራትም። በአፉ «ይጀምሩ» ይላል፤ ገጹ ላይ ግን «ጀምር» የሚለው ካልሆነ ብሎ ሁለት ወር ሙሉ አድርቋታል።

ኩባንያው መድኃኒት በየቤቱ የሚያደርስ የውጭ ኩባንያ ነው። ድረ ገጹን በስድስት ቋንቋ ከፍቶ ሰባተኛው ላይ ደርሷል፤ ሰባተኛው የእሷ ነው። ተርጉማ ስትጨርስ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ትእዛዝ መጣ፤ «እርስዎ» ይውጣ፣ «አንተ» ይግባ። ደንበኛን እንደ ጓደኛ ማናገር የኩባንያው ጠባይ ነው፣ የገጹ ቁልፎችም ለረጅም ቃል ጠባብ ናቸው ተባለ። በእነሱ ቋንቋ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም፣ ለሴቱም ለወንዱም ያለችው አንዲት ቃል ናት፤ ምን ያድርጉ፣ ችግሩ አይታያቸውም። ሦስት ጊዜ ጻፈችላቸው። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነ።

ዛሬ የመጨረሻው ሙከራ ነው። ሦስት ሰው ያለ ረዳት መድኃኒት አዝዞ ከጨረሰ «አንተ» ይጸድቃል፣ ከሰዓት በኋላም ገጹ ይከፈታል። ሁለት ጎረምሶች ጠዋት መጥተው በሦስት በሦስት ደቂቃ ጨርሰው ሄደዋል። ሦስተኛው ከስልሳ ዓመት በላይ ይሁን ሲባል አክስቷን አመጣች።

እውነቱን ለመናገር፣ ያመጣቻቸው እንዲቆጡላት ነው። አክስቷ ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆነው የኖሩ፣ ከወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ የማታመልጣቸው ሴት ናቸው። እንኳን «አንተ» ተብለው፣ «አንቺ» ያላቸውን ጎረምሳ መንገድ ላይ አቁመው ልክ ያስገቡታል። አንዴ ይቆጡ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ኃላፊው ምን አፍ ይኖረዋል ብላ ነው።

አክስቷ መነጽራቸውን አጠለቁና ጮክ ብለው አነበቡ። «እንኳን ደህና መጣህ። ስምህን አስገባ።»

ተርጓሚዋ ቁጣውን ጠበቀች። አልመጣም። አክስቷ ጣቶቻቸውን የኮምፒውተሩ ፊደላት ላይ አሳርፈው፣ ወደ ታች እንኳን ሳያዩ፣ ቀጭ ቀጭ አደረጉት።

ሳጥኑ ውስጥ የባላቸው ስም ተጻፈ። ከነአባታቸው ስም።

ባላቸው ከሞቱ ስምንት ወራቸው ነው። ኃላፊው ይህን ከየት ያውቀዋል፤ «ቆንጆ፣ እየሄደ ነው» አለ በሹክሹክታ። ተርጓሚዋ ምላሷን ነከሰች። ከተናገረች አውቃ አበላሸችው ልትባል ነው፤ ዝም ካለች ደግሞ መድኃኒቱ በሞተ ሰው ስም ይታዘዝና «አንተ» ይጸድቃል።

«ዕድሜህ» ብለው አነበቡ አክስቷ። እዚህ ላይ ጣታቸው ቆመ። ዞር ሳይሉ፣ «ልጄ» አሉ፣ «ሰባ አንድ ላይ ላቁመው ወይስ ልቁጠርለት?»

ከጎን ክፍል ማተሚያው ወረቀት ሲተፋ ይሰማል።

«የማንን ዕድሜ ነው፣ እማማ?» አለ ኃላፊው።

«የባለቤቴን ነዋ። የመድኃኒቱን ነገር የሚጨርሰው እሱ ነበር፤ የእኔ ሥራ መዋጥ ብቻ ነው። ይሄም የጠራው እሱን ነው።» መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ። «ደግሞ ሌላው ሰው ሁሉ አንቱ ነበር የሚለው፤ አንተ የምለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሳነበው እኔ ራሴ የጻፍኩለት መሰለኝ።»

ቁጣቸውን ልትዋስ ያመጣቻቸው ሴት ይዘው የመጡት ሌላ ነገር ነው፤ ተርጓሚዋ አፈረች። ሙከራውም ይሰረዝ፣ የፈለገው ይምጣ ብላ ተነሣች። ማውሱን ያዘችና፣ ከቀድሞ ጀምሮ ደብቃ ያስቀመጠችውን የራሷን የ«እርስዎ» ትርጉም ከፈተችው። ሳጥኖቹ ውስጥ የተጻፈው እንዳለ ቀረ፤ በዙሪያው ያለው ቃል ብቻ ተለወጠ።

«አሁንስ ማንን ነው የሚጠራው፣ እትዬ?»

«ስምዎን ያስገቡ» ብለው አነበቡ አክስቷ። ደግመው በልባቸው አነበቡት። «ይሄ እኔንም ይጠራል» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ማጥፊያውን መጫን ጀመሩ። ያ ሁሉ ፍጥነት የት እንደገባ፤ አንዲት ፊደል ያጠፋሉ፣ ይቆማሉ። መጀመሪያ የባላቸው አባት ስም ሄደ። ቀጥሎ የባላቸው ስም ፊደል በፊደል ይጠፋ ጀመር። ተርጓሚዋ ለዚያች ቃል ሁለት ወር ስትሟገት፣ ቃሏ ስትገባ የሚወጣ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም ነበር።

አንዲት ፊደል ስትቀር አክስቷ እጃቸውን አነሡ።

«ይቺን አንቺ አጥፊልኝ።»

ተርጓሚዋ ኃላፊውን አየችው። እሱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል።

በአክስቷ ትከሻ ላይ እጇን አሳልፋ ማጥፊያውን አንዴ ነካችው። ባዶው ሳጥን ውስጥ ቀጭኗ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። አክስቷ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ወለወሉ፣ መልሰው አጠለቁና፣ በአንድ ጣት፣ የራሳቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ከቁልፎቹ መሃል ፈለጉ።