ለነፍስ አባቴም አልነግርም

እትዬ አጸደ አዲሱን ላፕቶፓቸውን ከፍተው፣ ልጃቸው ያስተከለላቸውን ዋይፋይ እንዴት እንደሚያስገቡ ሊጠይቁት ሐዋሳ ደወሉ።

«ፓስወርዱን እነግርሻለሁ፤ ግን እማዬ፣ ለማንም እንዳትሰጪ። ኮንዶሚኒየሙ በሙሉ ይንጠላጠልበትና ላንቺ ምንም አይተርፍሽም።»

«እንኳን ለጎረቤት፣ ለነፍስ አባቴም አልነግርም!» አሉና በሩን ቆልፈው መጋረጃውን ጋረዱ።

ችግሩ፣ ቤት ውስጥ ስልኩ ይቆራረጣል። ላፕቶፑን ታቅፈው በረንዳ ወጡ። ልጃቸው ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ በአንድ ሲነግራቸው፣ እንዳይሳሳቱ እያንዳንዱን ጮክ ብለው እየደገሙ ጻፉ።

«ገባ! ተመስገን!» አሉ በደስታ።

ይሄኔ ከታችኛው ፎቅ የጎረቤታቸው የጋሽ ምትኩ ድምፅ መጣ፦ «እትዬ አጸደ፣ እባክዎ ከሰባት በኋላ ያለችውን ይድገሙልኝ!»

እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ከአራተኛ ፎቅ «ዘጠኝ ናት!» የሚል መልስ ወረደ።