አንድ ጆግ ውሃ

ጡረተኛው ግንበኛ አዲሱ የጎርፍ ቦይ ዳር ተንበርክኮ አንድ ጆግ ውሃ አፈሰሰበት። ወደ ወንዙ መውረድ የነበረበት ውሃ ዞሮ ከቦዩ አጠገብ ወደምትኖረው ልብስ ሰፊ በር አዘገመ። ሴት ልጁ ከኋላው ቆማ ታያለች።

«አሮጌው ቦይ ቢደፈንም ቁልቁለቱ ትክክል ነበር» አለ ቦዩን ወደ ሠራው ተቋራጭ ቀና ብሎ፣ ደሙ እየፈላ። «ይኼ ግን ጎርፉን ልብስ ሰፊዋ ቤት ድረስ ይሸኘዋል። ማን ነው ዓይኑን ጨፍኖ የተረከባችሁ?»

ተቋራጩ «አባባ፣ መሐንዲስ ፈርሞበታል» ብሎ ወረቀቱን ዘረጋለት። ግንበኛው ፊርማውን ገና ሲያየው ዞሮ ልጁ ላይ አፈጠጠ።

«ቸኩዬ ነው፣ አባዬ። ሳልለካ ነው የፈረምኩት።»

መዶሻውን ከከረጢቱ አውጥቶ አስጨበጣት። «በይ አፍርሺና እንደገና አሠሪው። እኔ ጆጉን ሞልቼ እጠብቅሻለሁ።»