የረድኤት መስታወት

«መስታወቱ የሚጠቁረው ሥራ አስኪያጁ ለሚወዳት ነው አሉ፤ ከስልኩ ነው የሚያዘው» ትላለች የጽዳቷ እትዬ ዘርፌ፣ ወለሉን በወለወለች ቁጥር።

አዲሱ ሕንፃ መጋረጃ የለውም። ፀሐይ ስትበረታ መስኮቱ ራሱ ይጠቁራል ብለው ነው ያስገቡን። እውነትም ለረድኤት ይጠቁርላታል፤ ከጎኔ ጥላ ውስጥ እንደ ወይዘሮ ተቀምጣ ትጽፋለች። የእኔው ፍንክች አይልም፤ ፊቴ ሲጠበስ ይውላል። ኮምፒውተሩን ያለ አስተማሪ የተማርኩት እኔ፣ እሷን ያስተማርኳት እኔ!

«ወንበር እንቀያየር፣ የኔ ቆንጆ» አለችኝ አንድ ቀን።

«ምጽዋት ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፣ እቱ!» አልኳትና ተነሣሁ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

«ከእንግዲህ ለወደዷት ያጥቁሩላት!»

ግራ ገብቶት አየኝ፤ ግን ፈረመ።

በሳምንቱ ዕቃዬን ልወስድ ስመለስ ወንበሬ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። መስታወቱን ሊጠግን የመጣ ሰው ከመስኮቴ ጥግ አንዲት ትንሽ ወረቀት በጥፍሩ እየላጠ ነው።

«ብርሃን የሚለካውን ዓይን ይቺ ሸፍናው ነው ያልጠቆረው» አለና ሰጠኝ።

ሥራ የጀመርን ዕለት፣ ትጠብቀኝ ብዬ በገዛ እጄ የለጠፍኳት የኪዳነ ምሕረት ሥዕል ነበረች።